አንዲት «እንደ»

ሐሙስ ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፤
ቆርቆሮው ሲጮህ አንዷ የምትለው ለሌላዋ አይሰማም።
ሰባት ሴቶች ነን፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ መስኮቷ በማይዘጋ ክፍል፤
መሐላችን መጽሐፉ፣ ጠርዙ የተላጠ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
አጂፕ የተባዛ፣ ከገጽ ገጽ የደበዘዘ፣
አሥር ዓመት ሙሉ ከእጅ እጅ የተጓዘ።

እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ አልደብቅም።
በሃያ አራት ዓመቴ፣ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ሳነበው፣
ከሩቅ ስሜን የጠራኝ ሰው ነበር የመሰለው።
«ቤት ግድግዳ ነው» ይላል፤ «ውጪ፤ ሥሪ፤ ደመወዝሽን ቁጠሪ።»
ወጣሁ። ሠራሁ። ቆጠርኩ።
ልጁን ማን ይያዘው አይልም መጽሐፉ፤
እኔም አልጠየቅኩ።

«አትንኩት!» አለች ራዝያ፤ «ባለውለታዬ ነው፤
አባቴ ለአጎቴ ልጅ ሊድረኝ ሲል አፌን የፈታው እሱ ነው።
ሁሉን አልተናገረም ብላችሁ የተናገረውን ልትጥሉት?
ጎደሎ ማሰሮም ውኃ ያመጣል፤
እናንተ ልትሰብሩት።»

ሙንተሃ ጣቷን ገጽ ዘጠና አንድ ላይ ተክላ ዝም ብላ ቆየች፤
ከሁላችን ታናሽ ናት፣ ሒርማታ ተወልዳ ሒርማታ ያደገች።
«እዚህ ጋ» አለች፤ «ያገባች ሴት እንደ ባሪያ ናት ይላል።
የአያቴ እናት ከዳውሮ ተነድታ መጥታ፣ እዚህ ገበያ ቆማለች፤
በጨው ይሁን በጨርቅ፣ ቤተሰቦቼ ዛሬም አልተስማሙም፣ ተለውጣለች።
ለእሷ «እንደ» አልነበራትም።
የገዛቻት ደግሞ ሴት ናት፤ ያገባች፣ አጥር የማታልፍ፣
መጽሐፉ የሚያለቅስላት፣ በየገጹ፣ በየምዕራፍ።
እስቲ ንገሩኝ፤ በዚህ ገጽ ላይ
ማንኛዋ ናት ሴት?
ማንኛዋ ናት «እንደ»?»

«የዘመኗ ልጅ ናት ደራሲዋ» አለች መዓርግ፤ «ዘመኗ ጋረዳት።»
«ዘመን ማን ነው?» አለች ሙንተሃ፤ «ቤቱ የት ነው? ማን ወለዳት?»
ሳቅን።
ወዲያው ሳቃችን አፈረ።

ከዚያ «መደብ» መጣ። መደብ፣ መደብ፣ መደብ፤
እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ፣ ጣፋጩ አልቆ የሚታኘክ።
እኔ ግን፣ እንጃ ለምን፣
ብርቄ የምትተኛበት መደብ ነው ፊቴ የመጣው፤
ከማድቤቱ ግድግዳ የተለጠፈው፣
ክረምት ክረምት የሚያልበው፣
ፍራሽ እገዛለሁ ካልኩ ሁለት ፋሲካ ያለፈው።

ስልኬ ጮኸ።
«እትዬ፣ ትንሹ ተኝቷል። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ።
የማታው ፈተና… አሁን በሩ ተዘግቷል።
ምንም አይደል። ዝናብም ነው።»

ምንም አይደል።
እኛ ሰባታችን፣ መጽሐፉ የረሳት ሴት የቷ ናት ብለን ስንሟገት፣
የሰባተኛ ክፍል ሒሳቧ አለፋት።
ልናገር አፌን ከፈትኩ።
ነገሩ አፌ ላይ አማረ፤ ቅርጽ ያዘ፤
ራዝያ ስታጨበጭብ ታየኝ።
ብርቄ ምሳሌ ልትሆን፣ ሌላ «እንደ»፤
መልሼ ዋጥኩት።

ወጣን። አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ሊነካ ደርሷል፤
ባጃጁ ዋጋ ጨምሯል፣ «ዝናብ ነው» ብሎ፤ ልጁ ልክ ነው፣ ዝናብ ነው።
መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ በሹራቤ ሸሸግኩት፤
እኔ በሰበስኩ፣ እሱን ግን አዳንኩት።
ልጣለው ወይ ብዬ አንዴ አስቤያለሁ፣ ድልድዩ ላይ። አልጣልኩትም።
ስሜን የጠራኝ ነው።
የእሷን ያልጠራ።

ብርቄ በር ከፈተች። እርሳሷ ጸጉሯ ውስጥ ተሰክቷል።
«ጨረሳችሁ?»
«አልጨረስንም። ለሐሙስ ቀጥረናል።»
ጫማዬን ከእጄ ልትቀበል ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት፤
ሁለታችንም አንድ ጫማ ይዘን ትንሽ ቆምን።

«ሐሙስ?» አለች።
«ሐሙስማ እንግሊዝኛ ነው።»